በፓርክ ሂል የተሣለችው ተወዛዋዥ

ባለፈው ሰሞን ለልጅ ልጄ ለትምህርት ቤት ሥራዋ የተገዛላት የቀለም ጠርሙስ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። ልጅቷ "እማማ፣ ሶሪ፣ ሶሪ" እያለች ወረቀት ልታመጣ ስትሮጥ እኔ ከተቀመጥኩበት አልተነሣሁም። የዛገ ምስማርና የረጠበ እንጨት የሚመስለው ሽታ አፍንጫዬን ሲመታኝ፣ ልቤ ግሪን ቫሊ ራንች ካለው ከልጄ ቤት ወጥቶ ፓርክ ሂል፣ ድሮ የማስታምማቸው የሚስ ዶሮቲ ሳሎን ደርሶ ነበር። የጠረጴዛው ልብስ ቡናማ እየሆነ ሲሄድ ዝም ብዬ አየሁት። ልጄ ሜሮን ከሥራ ስትመለስ "ማሚ፣ ለምን አላነሣሽውም?" አለችኝ። የት እንደነበርኩ እሷም አታጣውም።

ያ ዘመን የባስ ቲኬት ሁለት ዶላር ከሩብ የነበረበት ዘመን ነው። እኔና ሜሮን ዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ፣ ከሃቫና መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ባለ አፓርትመንት ሁለተኛ ፎቅ ላይ እንኖር ነበር። ባለቤቴን ያጣሁት ገና ስደት ላይ ሳለን ነው፤ ሜሮንን አዝዬ አሜሪካ ስገባ በቅጡ አፏን አልፈታችም ነበር። ጠዋት ጠዋት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ በሚመላለሰው ባስ ውስጥ ያለነው ሐበሾች ብዙዎቻችን ስክራብ የሚባለውን የሕክምና ሥራ ልብስ ለባሾች ነበርን። ሐምራዊ የለበሰችው ከአረጋውያን ቤት፣ አረንጓዴዋ ከሆስፒታል፣ ድብና ፊኛ የተሣለበትን የለበሰችው ከልጆች ክሊኒክ፤ በልብሳችን እንተዋወቅ ነበር። እሑድ እነዚያው ሴቶች ነጠላ አጣፍተው ቤተ ክርስቲያን ሲመጡ ግን አንዷን ካንዷ ለመለየት ጊዜ ይወስድብኝ ነበር። የሐበሻ ቀሚስ ፋሽኑ ያኔ ከደረት እስከ እግር የሚወርድ ሰፊ ጥልፍ ነው፤ ከአገር ቤት የሚመጣ ሰው ሻንጣ ውስጥ አንድ ቀሚስ ካልተገኘ ሰውየው ባዶውን እንደመጣ ይቆጠራል። ኮልፋክስስ ቢሆን! ሞቴሎቹ በቀይና በሰማያዊ መብራት እየጠቀሱ፣ ጎሚስታው ከሜክሲኮ ዳቦ ቤት ጋር ግድግዳ ተጋርቶ፣ የኛ ሱቅ በር ላይ ደግሞ ከአገር ቤት መጥተው የዘፈኑ ዘፋኞች ፖስተር ጸሐይ እስኪበላው ተለጥፎ። ዛሬ በዚያ ስናልፍ ሜሮን መኪናዋን ዳር ይዛ "እዚህ ምን የሚታይ አለ?" ትለኛለች። እኔ ግን የማየው አላጣም።

አረጋውያንን በየቤታቸው እንድናስታምም የሚቀጥረን ኤጀንሲ ሚስ ዶሮቲ ዘንድ ሲልከኝ እሳቸው ሰማንያዎቹን አጋምሰዋል። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሥዕል ሲያስተምሩ የኖሩ ሴት ናቸው። በመደገፊያ ነው የሚራመዱት፤ እጃቸውም ይንቀጠቀጣል። ብዕር ሲይዙ ግን መንቀጥቀጡ ይተዋቸዋል፤ እንዴት እንደሆነ ሐኪማቸውም አያውቅም ነበር። ቤታቸው ትልልቅ ዛፎች ካሉበት መንገድ ዳር ያለ የሸክላ ጡብ ቤት ነው። ከመኝታ ቤታቸው ወደ ወጥ ቤት በሚወስደው ኮሪደር፣ ጸሐይ በማያገኘው ግድግዳ ላይ፣ የመጽሐፍ ገጽ የምታክል አንዲት ሥዕል ተሰቅላለች። በቡናማ ቀለም የተሣለች ተወዛዋዥ ናት። ራሷ ላይ ላባ ሰክታለች፣ ወገቧ ጥብቅ ያለ፣ ቀሚሷ እንደ ደወል የተነፋ፤ አንድ እግሯን ጫማዋ እስኪታይ ወደ ፊት ሰዳ፣ አንድ እጇን ከትከሻዋ በላይ አንሥታለች። ፊቷ ጥቂት ጭረት ብቻ ነው። ከጉልበቷ በታች ቀለሙ በውሃ ቀጥኖ እንደ ጥላ ይወርዳል። ሚስ ዶሮቲ ከአክስታቸው የወረሷት ናት፤ ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ይሆናታል ይላሉ። እኔ መጀመሪያ ላይ አቧራዋን ጠርጌ አልፋት ነበር።

ግንቦት ውስጥ ነው፣ ግን ኮሎራዶ ነውና በረዶ ጥሎ ነበር። ሚስ ዶሮቲ ተኝተዋል ብዬ ስልኬ ላይ የጎጃም ዘፈን ከፍቼ ሳህን አጥባለሁ። ከበሮው ሲገባ ትከሻዬ ከኔ ሳይማከር ተነሣ። እጄ አረፋ እንደያዘ ወደ ኋላ ተጠማዘዝኩና ስዞር፣ ሚስ ዶሮቲ መደገፊያቸውን ይዘው በር ላይ ቆመዋል። ስልኬን ዘጋሁ።

"ቀሰቀስኩዎት፣ ይቅርታ" አልኳቸው።

"አትዝጊው። የት ተማርሽው?"

"እኛ አገር ይሄን ሁሉም ሰው ይችላል።"

"በርኪ" አሉኝ፤ ብርቄ ማለት አቅቷቸው ነው፤ "እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሲንቀሳቀስ እያየሁ ስሥል ኖሬያለሁ። ይሄ ሁሉም ሰው የሚችለው አይደለም። ይሄ የሠለጠንሽበት ነገር ነው።"

አሜሪካ ከመጣሁ እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ነገርኳቸው። ኮረዳ ሆኜ ከደብረ ብርሃን ወጥቼ በክፍለ ጦር የኪነት ቡድን ገብቼ ነበር። ጊዜው የወታደር ጊዜ ነው። በጭነት መኪና ላይ ከነከበሮው፣ ከነማሲንቆው ተጭነን ከከተማ ከተማ እንዞር ነበር፤ አስመራም፣ ጎንደርም፣ ጅማም መድረክ ላይ ቆሜያለሁ። ልብሳችን በየክፍለ ሀገሩ ይለዋወጣል፤ ለጎጃሙ አረንጓዴ ጥለት፣ ለጉራጌው ቢጫ ሻሽ፣ ለወሎው ከወገብ የሚሸበብ ነጭ ቀሚስ። ማታ ማታ አዳራሹ ሰው አይበቃውም፤ ትላልቅ ሰዎች መድረክ ድረስ መጥተው ግንባራችን ላይ ብር ይለጥፉልን ነበር። ጠዋት ዳቦ ልንገዛ ስንወጣ እነዚያው ሰዎች ሰላምታችንን አይመልሱም። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበር። ቡድን ውስጥ መግባቴን ሲሰማ ሰው ልኮ "በስሜ እንዳትጠሪ" አለኝ። ስለዚህ አስተዋዋቂው የሁሉንም ስም ከነአባታቸው ሲጠራ እኔን "ብርቄ!" ብሎ ብቻ ያልፈኛል። ዘጠኝ ዓመት እንደዚያው ተጠራሁ። ዘመኑ ሲለወጥ ቡድኑ ተበተነ፣ እኔም ተሰደድኩ። ኦሮራ ውስጥ ሰው "ድሮ ምን ትሠሪ ነበር?" ሲለኝ "የመንግሥት ሥራ" እላለሁ፤ ሐሰትም አይደለም። ሠርግ ላይ ስነሣ ሆን ብዬ እንደ ማንኛዋም ሴት ነካ ነካ አድርጌ እቀመጥ ነበር።

ሚስ ዶሮቲ ሰምተው ሲጨርሱ ክንዴን ይዘው ኮሪደሩ ላይ ወሰዱኝና የዚያችን ተወዛዋዥ ነገር አጫወቱኝ። በዚያ ዘመን በፈረንሳይ አገር ንጉሡ ራሱ በቤተ መንግሥቱ ይወዛወዝ ነበር አሉኝ። መኳንንቱ ፈረስ መጋለብ እንደሚማሩ ሁሉ ዳንስ ይማራሉ፤ እግሩን አሳምሮ የጣለ ሰው ሹመት ያገኝበታል። መድረክ ላይ ለረጅም ጊዜ የሴቱን ቦታ ሳይቀር ጭምብል ያጠለቁ ወንዶች ናቸው የሚጫወቱት። በመጨረሻ ለእንጀራቸው የሚወዛወዙ ሴቶች ሲመጡ አዳራሹ ሞላ፤ እመቤቶቹ የተወዛዋዦቹን ቀሚስ አቆራረጥ እየቀዱ ለልብስ ሰፊ ያዝዙ ጀመር። የመድረክ ሰው ግን እንደ ኃጢአተኛ ነበር የሚታየው። ሲሞት አልቀብርም ያለ ቄስ ብዙ ነበር፤ ያለ ጸሎት የተቀበሩ አሉ።

"ይህቺኛዋስ?" አልኳቸው።

"አይታወቅም። ሠዓሊው ስሟን አልጻፈም። ምናልባት ልብስ ሰፊው አይቶ እንዲሰፋ ብቻ የተሣለች ይሆናል።"

ከዚያ ቀን በኋላ ሳልፍ እጅ ሳልነሣት አላልፍም ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ሚስ ዶሮቲ ከቁም ሣጥናቸው እየነከሩ የሚጽፉበትን ብዕርና ያን የዛገ ምስማር የሚሸት የቡናማ ቀለም ጠርሙስ አስወጡኝ። ከምሳ በኋላ መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣሉ፤ እኔ ሶፋውን ወደ ግድግዳ ገፍቼ እወዛወዛለሁ። የመድረክ ልብስ ከየት ይመጣል? ሐምራዊ ስክራቤ ላይ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሥሬ ነው። መጀመሪያ አፍሬ ነበር፤ ኋላ ግን ጉልበቴ እያስታወሰ፣ አንገቴ እየተፈታ ሄደ። እሳቸው "እንደገና" ይሉኛል፣ ብዕሩ ወረቀቱን ሲቧጥጥ ይሰማኛል። በጋው ሳያልቅ ግድግዳው ሞላ። አንዷ ሥዕል በተለይ፣ አንገቴን ወደ ጎን ሰብሬ፣ ትከሻዬ ተነሥቶ፣ የነጠላዬ ጫፍ በአየር ላይ ቀርቶ ያለባት፣ እኔ መሆኔን ሳያት ለመቀበል ደቂቃ ወሰደብኝ። የሃያ ዓመት ልጅ አልነበርኩም፤ አምሳን ያለፍኩት እኔው ነኝ፣ ከነሰውነቴ። ግን ታምር ነበር።

ኮልፋክስ ላይ ትንሽ የሥዕል ማሳያ ቤት ያለው የሚስ ዶሮቲ የድሮ ተማሪ መጣና አያቸው። አሮጌዋን ሥዕልና የኔን ጎን ለጎን አድርገን ለሕዝብ እናሳይ አለ። ይሄኔ ነው ጭንቀቱ የመጣው። በዚያው ሰሞን ለሜሮን ሽማግሌ ተልኮልን ነበር። ልጁ ዮናስ ይባላል፣ እንግልውድ የሚኖር ነርስ ነው፣ ጨዋ ልጅ። እናቱ እትዬ ጥሩወርቅ ግን የዕድራችን ሰብሳቢ ናቸው። ኦሮራ ውስጥ ሐበሻ ሲሞት መጀመሪያ የሚደወለው ለሳቸው ነው፤ አስከሬን አገር ቤት የሚልኩት፣ ንፍሮ የሚያስቀቅሉት፣ ድንኳን ሲያስፈልግ ድንኳን የሚያስተክሉት እሳቸው። ቃላቸው በኛ ማኅበረሰብ ከባድ ነው። የተወዛዋዥ ልጅ ለልጃቸው? እንደማይዋጥላቸው አውቅ ነበር።

ሚስ ዶሮቲም ጭንቀቴ ገብቷቸው "ስምሽን ልተወው? ፊትሽንም ማደብዘዝ እችላለሁ" አሉኝ። ሁለት ቀን አሰብኩበት። ኮሪደሩ ላይ ያለችዋን ሴት ደጋግሜ አየኋት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ኮቴን ሳላወልቅ "ይጻፉት፣ ሙሉውን" አልኳቸው። ወረቀት ላይ በአማርኛ "ብርቅነሽ አየለ" ብዬ ጻፍኩላቸው። ሚስ ዶሮቲ ፊደሉን አንድ በአንድ እያዩ ከሥዕሉ ሥር በቡናማ ቀለም ገለበጡት። የአባቴ ስም ላይ ሲደርሱ ጎንበስ ብዬ ተጠጋሁ። አባቴ ከሞተ ቆይቷል፤ በሕይወት ቢኖር ምናልባት ይቆጣ ነበር። ግን ስሙ የሱ ብቻ አይደለም፣ የኔም ነው። ቀለሙ እስኪደርቅ ቆሜ ጠበቅኩና ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

ፖስተሩ ታትሞ በኮልፋክስ ሱቆች ተለጠፈ። የአሜሪካኖች ፖስተር ላይ የአማርኛ ፊደል አይቶ ቆሞ የማያነብ ሐበሻ የለም፤ በሳምንቱ ከተማው ሁሉ አወቀ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እትዬ ጥሩወርቅ በራችንን አንኳኩ። ሶፋው ጫፍ ላይ ብቻ ነው የተቀመጡት።

"ብርቅነሽ፣ ሱቁ በር ላይ ያለችው አንቺ ነሽ?"

"አዎ እትዬ፣ እኔ ነኝ።"

"ምንድን ነው እሱ?"

"ውዝዋዜ ነው። ድሮ ሥራዬ ነበር። ዘጠኝ ዓመት በኪነት ቡድን ተወዛውዣለሁ።"

"ሽማግሌ ስንልክ ይሄን የነገረን የለም።"

"አሁን እኔ እየነገርኩዎት ነው" አልኳቸው። 

"እንግዲህ ከዘመድ ጋር እንመካከራለን" ብለው ያቀረብኩትን ሻይ ሳይቀምሱ ወጡ። እንዲህ ያለው ምክክር መጨረሻው ምን እንደሚሆን እኔም አውቃለሁ።

ሜሮን ከመኝታ ቤቷ ሰምታለች። ብቅ ብላ "ማሚ፣ ዳንሰር ነበርሽ?" አለችኝ። "ፎር ሪል? ለምን አልነገርሽኝም?"  መልሴን ሳትጠብቅ የቡና ጠረጴዛውን ራሷ ገፋችውና "ሾው ሚ" አለች። አሳየኋት። የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ጣራውን በመጥረጊያ እስኪመታብን ድረስ አሳየኋት። ሜሮን አፏን ይዛ ታየኛለች። በማግስቱ ዮናስ ደውሎ "እናቴ ምንም ብትል እኔ አልለወጥም" አላት። ሜሮን ግን "እናቱ ፊቷን አዙራ እንዴት አገባለሁ? ካልመጣች ሠርግ የለም" አለች። ሥዕሉ ይውረድ፣ ስሙ ይፋቅ ብትለኝ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር። ልጄ ግን አላለችኝም። ለዚህ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።

ትርኢቱ የተከፈተው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ሚስ ዶሮቲ በተሽከርካሪ ወንበር፣ የዕንቁ ሐብል አድርገው። የዴንቨር ሰዎች የወይን ብርጭቆ ይዘው ከሥዕል ሥዕል ይዘዋወራሉ። በሩ ተከፈተና የዕድራችን ሴቶች ነጠላ እንዳጣፉ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ተከታትለው ገቡ፤ ከፊት እትዬ ጥሩወርቅ። ነውሬን ሊያዩ ነው የመጡት ብዬ ነበር። ጀርባዬን አቃናሁ። በኋለኛው ወንበር ላይ በረድፍ ተቀመጡ።

ሚስ ዶሮቲ ስለ አሮጌዋ ሥዕል መናገር ጀመሩ፤ ለኔ ያሉትን ሁሉ። እትዬ ጥሩወርቅ እንግሊዝኛው ሲፈጥንባቸው ሜሮንን በእጃቸው ጠርተው "ምንድን ነው የሚሉት?" አሏት። ሜሮን ጎንበስ ብላ ታስተረጉም ጀመር። የቀብሩ ነገር ላይ ስትደርስ የእትዬ ጥሩወርቅ ድምፅ ቤቱን ሞላው።

"ምን? አልተቀበሩም ነው የምትይኝ?"

"እንደሱ ነው የሚሉት እትዬ። ቄሱ እምቢ ይላል። ያለ ጸሎት ወስደው…"

"ምን አጥፍተው?"

"ዳንስ ስላደረጉ።"

እትዬ ጥሩወርቅ አማተቡ። "ዕድር አልነበራቸውም?" አሉ።

ሰው ሁሉ ዞሮ ያያቸዋል። ሚስ ዶሮቲ ምን እንዳሉ ጠየቁ፤ ሜሮን ቀና ብላ በእንግሊዝኛ አስረዳቻቸው፤ ዕድር ማለት ማንም ሁን ማን፣ ስትሞት የሚቀብርህ ሰው ማለት ነው አለች። ሚስ ዶሮቲ ወደ አሮጌዋ ሥዕል ዞር ብለው "አይ፣ አልነበራቸውም" አሉ።

"ሰው ምንም ቢሆን ይቀበራል" አሉ እትዬ ጥሩወርቅ፣ በዕድር ስብሰባ ላይ ነገር ሲቋጩ በሚናገሩበት ድምፅ። ተነሥተው ወደ ግድግዳው ሄዱ፤ ላባ የሰካችዋን ሴት ቆመው አዩዋት። ቀጥሎ የኔን አዩ፤ ከሥሩ ያለውን ስም ከንፈራቸው ሲያነበው አየሁ። ተመልሰው ተቀመጡ።

ከንግግሩ ቀጥሎ የተያዘው የኔ ውዝዋዜ ነበር፤ ሙዚቃው ሲከፈት ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሠርኩ። ቀስ ብዬ በወሎ ጀመርኩ፤ አንገት ብቻ፣ ትንሽ ትከሻ። ወለሉ እንጨት ነበር፣ እግሬን ወደደው። ጎጃሙ ሲመጣ ጊዜውን ረሳሁት። ዴንቨር ይሁን ጅማ፣ አዳራሹ ትልቅ ይሁን ትንሽ አላውቅም፤ የማውቀው ከወገቤ የተነሣው ነገር ደረቴን አልፎ በሁለቱ ትከሻዎቼ ሲወጣ ያለውን ደስታ ነው። ከኋላ ረድፍ አንዷ እልል አለች። ሌላዋ ተከተለች። ከዚያ ነጠላ ለባሾቹ በሙሉ። ፈረንጆቹ ጭብጨባ አቆሙና እነሱን ያያሉ። ዙሬን ስጨርስ ሚስ ዶሮቲ ጉንጫቸው ረጥቦ ብዕር ፍለጋ ቦርሳቸውን ይፈትሻሉ። እትዬ ጥሩወርቅ ግን እልልም አላሉ፣ አላጨበጨቡም። ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ።

ሚስ ዶሮቲ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም፤ ሁለት ክረምት ነው ያሳለፉት። ሲያርፉ ዘመድ ተብሎ የመጣው አንድ የእህታቸው ልጅ ብቻ ነበር። ፓርክ ሂል ባለው ቤተ ክርስቲያናቸው ግን ቦታ አልተገኘም፤ የዕድራችን ሴቶች ጥቁር ለብሰው አራት ረድፍ ሞልተው ነበር። ማን እንደጠራቸው መጠየቅም አላስፈለገኝም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ከትርኢቱ በኋላ ባለው ቅዳሜ በራችን ተንኳኳ። እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው፣ ብቻቸውን። ይቅርታ አላሉም፤ እኔም አልጠበቅኩም። ጫማቸውን አወለቁ፣ ነጠላቸውን ወንበር ላይ ጣሉ፣ ሳሎኑ መሐል ቆሙ።

"ሠርጉ ላይ የሙሽሮቹ እናቶች ይነሡ ይባላል አይደል?" አሉኝ።

"ይባላል እትዬ።"

"አንቺ እንደዚያ ስትሆኚ እኔ አጠገብሽ እንደ ግንድ ልገተር ነው? ነይ አሳዪኝ።"

ሜሮን ከመኝታ ቤቷ ወጥታ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች፤ አይኗ ይስቃል፣ ከንፈሯ ያለቅሳል። እኔ ስልኬን ከፈትኩ።

"ትከሻዎን ይልቀቁት፣ እትዬ።"

"ስድሳ ዓመት ያሠርኩትን?" አሉ፤ ራሳቸውም ሳቁ። ሲስቁ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ "ይኸው፣ እሱ ነው!" አልኳቸው። በየቅዳሜው ይመጡ ጀመር። ያን ጊዜ ሻዩንም ጠጡ፣ ራትም በሉ።

ሠርጉ ኦሮራ ባለ ትልቅ አዳራሽ ነበር። ሜሮን ነጩን ቬሎ ለውጣ በወርቅማ ጥልፍ የሐበሻ ቀሚስ ገባች፤ ዮናስ ካባው ከብዶት ያልበዋል። ዲጄው "የሙሽሮቹ እናቶች!" ሲል እትዬ ጥሩወርቅ እኔን አልጠበቁም። ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ቀድመውኝ መሐል ገቡ፣ ትከሻቸውን ለቀቁት። ከሚኒሶታ የመጡት እህታቸው ከወንበራቸው ተነሥተው "ጥሩዬ! ይሄን ከየት አመጣሽው?" ብለው ጮኹ።

"አማቼ ናት ያስተማረችኝ!" አሉ እትዬ ጥሩወርቅ፣ ከበሮውን በሚያልፍ ድምፅ። "ብርቅነሽ አየለ! ተወዛዋዥ ናት!"

እጄን ይዘው ጎተቱኝ፤ የዕድሩ ሴቶች ከየጠረጴዛው ተነሥተው ከበቡን። ዲጄው ኬክ ይቆረጥ ብሎ ደጋግሞ ቢለምን የሰማው የለም።